በሻንጣ የመጡ ማጠንጠኛዎች

ግራሶና ነጭ ጋዝ አንድ ላይ ሲሸቱኝ ትዝ የሚለኝ ዓሣ ነው። ለሰው ስናገር ያስቃል። ግራሶ የጋራዥ፣ ነጭ ጋዝ የምድጃ፣ ዓሣ ደግሞ የሐይቅ ነው፤ ምን አገናኛቸው? እኔ ባደግሁበት የጎተራ ሰፈር ግን ሦስቱም አንድ በረንዳ ላይ ይገናኙ ነበር። የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ሁላችንም ጋሼ የምንለው፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አጭር ዱካ ላይ ይቀመጥና ከፊቱ አዲስ ዘመን ጋዜጣ ያነጥፋል። በሳህን ነጭ ጋዝ፣ በቆርኪ ግራሶ፣ በጨርቅ ላይ ደግሞ በአወጣጣቸው ቅደም ተከተል የተደረደሩ ቡሎኖችና ሮንዴላዎች። የዓሣ ማጥመጃ ማጠንጠኛዎቹን ፈታቶ የሚያጥብበት ሰዓት ነው። ንፋሱ ከእህል ጎተራዎቹ በኩል ሲመጣ የስንዴ ብናኝ ይጨመርበታል፤ ከቄራ በኩል ሲመጣ ያው የቄራ ነገር ነው፣ መስኮት ይዘጋል። ጋሼ ግን ከበረንዳው አይነሳም።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ካዛንቺስ መፍረስ ሲጀምር ዕቃ ለማሸግ ከሄዱት አንዱ ነበርኩ። እትዬ፣ ጋሼ ካረፈ በኋላ ልጇ ዘንድ ካዛንቺስ የገባችው ሚስቱ፣ ከአልጋ ሥር አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ጎትታ አወጣችና «እንካ፣ ይኼ ያንተ ነው፤ ለሌላ ለማን ይሆናል?» አለችኝ። ክዳኑ ዝጎ እንቢ አለ። በማንኪያ እጀታ ፈልቅቄ ስከፍተው ያ ሽታ ወጣ። በአሮጌ ካናቴራ የተጠቀለሉ ሦስት ማጠንጠኛዎች ነበሩ፤ አንዱ የሩሲያ፣ አንዱ የፈረንሳይ፣ አንዱ የአሜሪካ። አንዳቸውም ከሱቅ አልተገዙም። ሁሉም አገር ከሚገባ ወይም ከአገር ከሚወጣ ሰው ሻንጣ የተገኙ ናቸው። ማን መጣ፣ ማን ሄደ የሚለውን የአዲስ አበባ ታሪክ ሌላው በሐውልትና በመንገድ ስም ያስታውሰዋል፤ በእኛ ቤት በዓሣ ማጠንጠኛ ይታወሳል።

የሩሲያው ኔቭስካያ ነው። ጋሼ በደርግ ዘመን ለትምህርት ወደ ሶቭየት ኅብረት ከተላኩት ወጣቶች አንዱ ነበር፤ እሱ የደረሰው ሌኒንግራድ ነው። ጓደኞቹ ካሜራ፣ የጸጉር ኮፍያ፣ አንዳንዶቹም ሚስት ይዘው ተመለሱ። እሱ ዲፕሎማውንና በኔቫ ወንዝ ስም የተጠራውን ይህን ዕቃ ይዞ ገባ። እዚያ አገር የትም የሚገኝ ተራ ነገር ነው፤ እዚህ ግን ጎረቤት እየመጣ ያየው ነበር። አሠራሩን ሕፃን ይረዳዋል። ዲያሜትሩ አሥር ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ ታምቡር በአንድ ፔርኖ ላይ ይሽከረከራል። ሁለት ትንንሽ እጀታዎች አሉት። ማርሽ ስለሌለው እጀታው አንዴ ሲዞር ታምቡሩም አንዴ ይዞራል።

ችግሩ መወርወሩ ላይ ነው። የተወረወረው እርሳስ ክሩን ይጎትታል፣ ክሩ ታምቡሩን ያሽከረክራል። እርሳሱ አየር ላይ እየደከመ ሲሄድ ታምቡሩ ግን በጀመረው ፍጥነት ይቀጥላል። ያኔ ከሚፈለገው በላይ ክር ይለቀቅና እዚያው ታምቡሩ ላይ ተቆላልፎ ይቀራል። ሩሲያውያን አጥማጆች ይህን ትብትብ «ጺም» ይሉታል አሉ። መከላከያው አንድ ብቻ ነው፤ ጣት። ጣቱ የታምቡሩን ጠርዝ እየዳበሰ ማብረድ፣ እርሳሱ ውሃ ሊነካ ሲል ደግሞ ጭራሽ ማቆም አለበት። ቀደም ካለ ውርወራው ያጥራል፤ ከዘገየ ጺም ያበቅላል። ጋሼ ይህን የተማረው በክረምት ሰሌዳ ላይ ሳይሆን በበጋ ወንዝ ዳር እንደሆነ ይነግረን ነበር። ቆቃ ሲሄድም ሌሎቹ ስለ ዓሣው ሲያወሩ እሱ ስለ አውራ ጣቱ ያወራል።

ትብትቡ ሐይቅ ዳር አይፈታም፤ ጎተራ ይመጣል። በዚያ ዘመን የዓሣ ናይለን ሱቅ ገብተህ የምትገዛው ነገር ስላልነበረ መቁረጥ የሚባል ነገር የለም። እሑድ ማታ እራት ከተነሳ በኋላ ክሩ ጠረጴዛው ላይ ይዘረገፋል፤ እኔና እህቴ በሁለት ወገን እንቀመጣለን፣ እናቴ መርፌ ይዛ ከመብራቱ ሥር ትሆናለች። «አትጎትቱ» ትላለች ገና ስንጀምር። «የተቋጠረ ነገር ሲጎትቱት ይጠብቃል። መጀመሪያ አላሉት፤ ጫፉ ራሱ ይወጣል።» በመርፌዋ ጫፍ አንዷን ቀለበት ነጥላ ታሰፋለች፣ ቀለበቷ ሌላዋን ታሳያለች፣ እንዲያ እንዲያ እያለ ያ ሁሉ ጉድ ወደ ሦስትና አራት ቀለበት ይወርዳል። ጋሼ በዚህ መሀል አይናገርም። ሻዩን ይዞ ዳር ይቆማል፤ የጥፋተኛ አቋቋም ነው። ክሩ ተፈትቶ ሲያልቅለት አንድ ጊዜ በጣቶቹ መሀል አሳልፎ ይፈትሸዋል፤ የተላጠ ቦታ ካገኘ ያችን ብቻ ቆርጦ ይቋጥራል።

ኔቭስካያን ዝም ያሰኘው ግን አንድ የዝዋይ ልጅ ነው። ዝዋይ ከአዲስ አበባ መቶ ስድሳ ኪሎ ሜትር ያህል፣ ያኔ በጋሼ ቮልስ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ቤንዚን በኩፖን ስለነበር ለአንድ ጉዞ ስንት ሳምንት እንደሚጠራቀም የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። የዝዋይ ሐይቅ ጥልቀት የለውም፤ አብዛኛው ቦታ ከሁለት ሜትር ተኩል ብዙ አይበልጥም። ስለዚህ ከዳር የቆመ ሰው ቆሮሶ ለማግኘት ከሸንበቆው አሳልፎ ራቅ አድርጎ መወርወር አለበት። ጋሼ ዘንጉን አስተካክሎ፣ ጣቱን ልሶ ሲወረውር አንድ ባዶ እግሩን የቆመ ልጅ ያየዋል። ልጁ በእጁ የያዘው የኒዶ ጣሳ ነው፤ ክሩን ጣሳው ላይ ጠምጥሞታል። ጣሳውን በግራ እጁ ቂጡን ወደ ሐይቁ አድርጎ ይይዛል፣ በቀኙ እርሳሱን ከራሱ በላይ አሽከርክሮ ይለቀዋል። ክሩ ከጣሳው ጫፍ እየተንሸራተተ ይወጣል፤ ሽው የሚል ድምፅ ብቻ። የጋሼን እርሳስ አልፎ ሄዶ ወደቀ። ልጁ አውራ ጣቱን የትም አላስገባም፤ ጺም የሚባል ነገርም አያውቅም።

ጋሼ ዘንጉን ሳር ላይ አጋድሞ ልጁ ዘንድ ሄደ። «እስቲ ድገመው የኔ ልጅ» አለው። ልጁ ደገመው። «ጣሳው አይዞርም!» አለ ጋሼ፣ ወደኔ ዘወር ብሎ። «አየህ? የሚዞር ነገር ከሌለ የሚያልፍ ነገር የለም።» ልጁ ምን እንደተገረመ አልገባውም። ጣሳ ነው፤ ለምን ይዞራል?

ብዙ ቆይቼ ሳነብ ነገሩ ለእንግሊዞችም የበራላቸው ዘግይቶ እንደሆነ አወቅሁ። በብራድፎርድ ከተማ የሱፍ ፋብሪካ የነበረው አልፍሬድ ኢሊንግዎርዝ የሚባል ሰው በፋብሪካው ክር ከማይዞር ቀሰም ጫፍ ላይ እየተሳበ ሲወጣ ዕለት ዕለት ያይ ነበር። ይህንኑ ወደ ዓሣ አምጥቶ እ.ኤ.አ. በ1905 የፈጠራ መብት አወጣበት። ዛሬ በዓለም ላይ በብዛት የሚሸጠው፣ ከዘንጉ ሥር የሚንጠለጠለው ማጠንጠኛ ከዚያ የወረደ ነው። ክሩ የተጠመጠመበት ክፍል ሲወረወር ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ሲጠቀለል በዙሪያው የሚዞር ቅስት ሽቦ ክሩን እያነሳ ይጠመጥማል። እናቴ ጥጥ ፈትላ ክሩን ከእንዝርቷ ጫፍ ላይ ስትስብ ከፊታችን የነበረ ነገር ነው። አንድ በረንዳ ላይ፣ እሷ ከእንዝርቷ ጋር፣ እሱ ከትብትቡ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠው ስንት ቅዳሜ አለፈ። የፋብሪካ ባለቤት መሆን ለካ የሚጠቅመው ለዚህ ኖሯል፤ ያየውን ነገር ወስዶ የሚያሠራበት ቶርኖና ገንዘብ ነበረው። የዝዋዩ ልጅ የነበረው ጣሳ ነው።

ጋሼ ከዚያ በኋላ ዕረፍት አጣ። የሚሄድ ፈረንጅ ዕቃውን ይሸጣል ሲባል በሰማ ቁጥር ፍሪጅ የሚፈልጉት ሲጋፉ እሱ ጋራዡን ማየት ይጠይቃል። እንዲህ ሲያስስ ነው ከአንድ ተሰናባች ፈረንሳዊ መምህር ሚቸሉን ያገኘው። ጥቁር፣ የእንቁላል ቅርጽ ያለው፣ እጀታው በግራ የሆነ። ቀኝ እጅ ወርውሮ ዘንጉን እንደያዘ ይቀራል፣ ግራ እጅ ያጠነጥናል። ሲወረወር ሽቦው ይከፈታል፣ ክሩ በሌባ ጣት ይያዛል፣ ዘንጉ ወደፊት ሲመጣ ጣት ይለቃል። ጋሼ ለሳምንታት በግቢው ውስጥ ያለ መንጠቆ፣ እርሳስ ብቻ አስሮ ከአጥር እስከ ኩሽና ሲወረውር ሰፈሩ ያየው ነበር። አንድ ቀን እርሳሱ የጎረቤት ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አርፎ የተነሳው ጭቅጭቅ ሌላ ታሪክ ነው።

አንድ ጊዜ ይኸው ማጠንጠኛ ከቮልሱ ጣሪያ ላይ ወድቆ ቅስት ሽቦውን የምትመልሰው ሞላ ተሰበረች። መለዋወጫ የሚባል አይታሰብም። ወደ ላንቻ በሚወስደው መንገድ ዳር በአንዲት የእንጨት ኪዮስክ ሰዓት የሚሠሩ ሽማግሌ ነበሩ፤ አባባ ነበር የምንላቸው። ጋሼ እኔን አስከትሎ ሄደ።

«አባባ፣ እንደምን ዋሉ? ይህቺ ሞላ ተሰብራብኝ ነው።»

መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ እንደሰኩ ቀና አሉ። «የምን ሰዓት ናት?»

«ሰዓት አይደለም፤ የዓሣ ማጥመጃ ነው።»

«አሃ! ዓሣም ሰዓት ማየት ጀመረ በለኛ።»

ከዚያ የጎኑን ክዳን በትንሿ ካቻቪቴ ከፈቱ። ማርሾቹን ሲያዩ ቀልዱን ተዉት። እጀታውን በቀስታ እያዞሩ ጥርስ ከጥርስ ሲነካከስ ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። «ይህን የሠራው ሰውዬ» አሉ በመጨረሻ፣ «ሰዓት ሠሪ ነው።» ጋሼ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ሞላዋን ከጎረቤት ልጅ በተገኘ የተበጠሰ የጊታር ክር ጠመጠሙልን፤ ብረቱን በሚስማር ላይ አዙረው፣ ጫፎቹን በፒንሳ አጥፈው። ቆርቆሮው ውስጥ ያገኘሁት ሚቸል እስካሁን የሚዘጋው በዚያች ሞላ ነው።

አባባ ልክ ነበሩ። ሚቸልን የሠራው ካርፓኖ ኤ ፖንስ የሚባለው ፋብሪካ የነበረው ክሉዝ በምትባል የፈረንሳይ አልፕስ ከተማ ነው፤ ከተማይቱ እ.ኤ.አ. ከ1848 ጀምሮ የሰዓት ሥራ ትምህርት ቤት የነበራት፣ ሕዝቧ በሰዓት ዕቃ ይተዳደር የነበረ ነች። ነገሩ በዚህ አያበቃም። ማጠንጠኛ የሚሠራው የስዊድኑ አቡ እ.ኤ.አ. በ1921 ሲመሠረት የሰዓት ፋብሪካ ነበር፤ ታክሲ ሜትርም ሠርቷል። በኬንታኪ የመጀመሪያዎቹን ባለ ማርሽ ማጠንጠኛዎች እ.ኤ.አ. በ1800ዎቹ መጀመሪያ የሠራው ጆርጅ ስናይደር ሰዓት ሠሪ ነበር። የአሜሪካኑን ዜብኮ የፈለሰፈው ሀልም እንዲሁ። ትንሽ ማርሽ፣ ትንሽ ሞላ፣ ትንሽ ፔርኖ፣ የማይንቀጫቀጭ ነገር መሥራት የሚችል እጅ በዓለም ላይ የት ይገኛል ቢባል፣ ሰዓት ቤት ነው። አባባ ይህን ያወቁት ከመጽሐፍ አይደለም፤ ማርሽ ከማርሽ ጋር የሚጋጠምበትን ልክ ሲያዩ የሙያ ወንድማቸውን እጅ ለዩት።

የዜብኮ ታሪክ ጋሼን ሁልጊዜ ያስቀው ነበር። ፋብሪካው ኦክላሆማ፣ ተልሳ ከተማ ውስጥ ለነዳጅ ጉድጓድ የሚሆን ባለ ሰዓት ፈንጂ የሚሠራ ነበር፤ ስሙም ከፈንጂ ኩባንያው ስም ቃላት የተገጣጠመ ነው። የፈንጂ ገበያው ሲቀዘቅዝ እ.ኤ.አ. በ1949 ማጠንጠኛ ማምረት ጀመረ። ሁሉ ነገሩ በክዳን ውስጥ የተሸፈነ፣ ከኋላው አንድ ቁልፍ ያለው፤ ትጫናለህ፣ ትወረውራለህ፣ ትለቃለህ። ክር አይታይም፣ ሽቦ አይከፈትም። የእኛው በ1969 ዓ.ም. ደርግ የአሜሪካ መሥሪያ ቤቶችን ዘግቶ ሠራተኞቻቸው ሲወጡ ለአንድ ሾፌር በስጦታ የቀረ ነበር፤ ሾፌሩ ዓሣ ስለማይወድ ዓመታት ቆይቶ ጋሼ እጅ ገባ። እሱ «የሕፃን ዕቃ» ብሎ ለኔ ሰጠኝ። ልክ ነው፤ ለመማር ከዚህ የሚቀል የለም። ግን ክሩ ጠባብ ክዳን ውስጥ ስለሚታሽ ሩቅ አይሄድም፣ ብዙ ክርም አይዝም። ቢሾፍቱ ላይ ለትንንሽ ቆሮሶ ይበቃል። አምባዛ ከያዘህ ግን ጸሎት መጀመር ነው።

ስለ አምባዛ ካነሳሁ ስለ ፍሬኑም ማንሳት አለብኝ። ሰው ማጠንጠኛን የሚያየው መጎተቻ አድርጎ ነው። ጋሼ ግን ይህን ይቃወም ነበር። «መጎተትማ ገመድም ይጎትታል። የዚህ ዕቃ ሙያው መስጠት ነው» ይላል። የማጠንጠኛ ፍሬን እየጨመቀ የሚይዝ፣ ከልኩ ሲያልፍ ግን እየተንሸራተተ ክር የሚለቅ የሮንዴላ ድርድር ነው፤ መካኒኩ ጋሼ እንደሚለው ከመኪና ፍሬን ይልቅ ለፍሪሲዮን ይቀርባል። ልኩንም ያወጣለት ነበር፦ ክሩ በስድስት ኪሎ የሚበጠስ ከሆነ ፍሬኑ በሁለት ኪሎ መልቀቅ አለበት፤ ከሩብ ያላነሰ፣ ከሲሶ ያልበለጠ። ለዚህ ከመርካቶ የገዛት ባለ መንጠቆ የሞላ ሚዛን ነበረችው። ክሩን ከሚዛኗ መንጠቆ ጋር አስሮ እኔን «ጎትት» ይለኛል፤ ቀስቷ ሁለት ላይ ስትደርስ ክሩ መለቀቅ ካልጀመረ ፍሬኑን ያላላል። የሮንዴላው ቆዳ ሲያልቅ ጫማ ሰፊው ዘንድ እንሄዳለን። ጫማ ሰፊው ከቁራጭ ቆዳ ክብ አድርጎ ይቆርጥና መሀሉን በወስፌ ይበሳል፤ ጋሼ ግራሶ አጥግቦ ያስገባዋል። ቆዳ ዝም ብሎ ይለቃል፤ ሳይነጥቅ፣ ሳይንተከተክ።

የዚህ ነገር ትርጉም የገባኝ ጫሞ ላይ ነው። አርባ ምንጭ ለሥራ ሄዶ ይዞኝ የሄደ ጊዜ አንድ ስዊድናዊ በጀልባ ነጭ ዓሣ ሲያጠምድ አየን። ጋሼ ከሰውዬው ይልቅ ያየው ዘንጉ ላይ የተቀመጠውን ቀይ አቡ ነው፤ ተሽከርካሪ ታምቡር ያለው፣ ግን ባለ ማርሽ፣ ክሩን ግራና ቀኝ እየመለሰ የሚያሰናዳ። ነጭ ዓሣ ከመቶ ኪሎ በላይ ሊሆን ይችላል። ዓሣው ሲነክስ ሰውዬው አልጎተተም። አውራ ጣቱን ታምቡሩ ላይ አሳርፎ ቆመ፤ ማጠንጠኛው አንድ ረጅም ጩኸት ጮኸ፤ ክሩ ወደ አዞዎቹ በኩል ሄደ፣ ሄደ። ጋሼ በጆሮዬ «አሁን ፍሬኑን ያላላል» አለኝ። እውነትም አላላ። ምክንያቱን ማታ በወረቀት ላይ ሥሎ አሳየኝ፦ ክር እየወጣ ጥቅሉ ሲያንስ ዓሣው የሚስበው ክንድ ያጥራል፤ የጥቅሉ ዲያሜትር ግማሽ ሲደርስ ያው ፍሬን እጥፍ ይከብዳል። አላዋቂ ዓሣው ሲርቅበት ያጠብቃል፣ ክሩም ይበጠሳል። አዋቂ ሲርቅበት ያላላል። እናቴ ስለ ቋጠሮ የምትለውን ሌላ ሰው በሌላ ቋንቋ ሲለው የሰማሁ መሰለኝ፤ የዚያን ምሽት ግን እንቅልፌ መጥቶ ነበር።

ዛሬ ያ ጫሞ የለም ማለት ይቀላል። መረቡ በዝቶ ነጭ ዓሣው ተመናምኗል፤ ትልልቁን ያየ ሰው ፎቶ ያሳያል። ዝዋይ ስሙ ባቱ ሆኗል፤ ሐይቁ ውስጥ ቆሮሶ እየሳሳ ከውጭ የገባው ዱባ የሚሉት ዓሣና አምባዛ ቦታውን ይዘዋል። የአቢጃታ ዓሣ አልቆ ከሻላ ደሴት እየመጡ ይመገቡ የነበሩት ሻላ ወፎች ምግባቸውን ሌላ ቦታ ይፈልጋሉ። ጎተራም ያው ሆኗል። ቮልሱ ወደ ደብረ ዘይት መንገድ ይወጣበት የነበረው ቦታ ቻይናዎች የሠሩት ማሳለጫ ነው። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ቀላል ባቡሩ በዚያ ያልፋል። የጋሼ በረንዳ የነበረበትን ስፈልግ በመንገዱ አቅጣጫ ሳይሆን ንፋሱ ከየት ይመጣ እንደነበር እያሰብኩ ነው የምገምተው።

ቻይናዎቹን ሳነሳ፣ በዓለም ላይ ማጠንጠኛ የሚታይበት በጣም የቆየ ሥዕል የቻይና ነው። ማ ዩዋን የተባለው ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ1195 ገደማ በሣለው ላይ አንድ ሰው በትንሽ ጀልባ ብቻውን ተቀምጧል፤ ዙሪያው ባዶ ውሃ ነው፤ ዘንጉ ላይ ግን አንዲት መንኮራኩር በግልጽ ትታያለች። በእኛ አገር የዛግዌ ነገሥታት ዘመን መሆኑ ነው። ከስምንት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የእህቴ ልጅ ቨርጂኒያ ካለ ያጎቱ ልጅ በሻንጣ ያስመጣውን ማጠንጠኛ ሳይ ከሥሩ የተጻፈው የተሠራበት አገር ስም ቻይና ነው። መንገዱም፣ ማጠንጠኛውም ወደ ጎተራ የደረሱት ከአንድ አገር፣ በተለያየ ዙሪያ ጥምጥም ነው።

ልጁ ከመግዛቱ በፊት አማክሮኝ ነበር። ስልኩ ላይ ስንት ዓይነት እንዳሳየኝ! ሳጥኑ ላይ «13 ኩሽኔታ» የሚል ያለበትን መርጦ ነበር። የኩሽኔታ ብዛት ለሻጭ እንጂ ለዓሣ አይጠቅምም፤ ሁለት ሦስት ደህና ኩሽኔታ ከብዙ ልፍስፍስ ይሻላል አልኩት። መጀመሪያ ውሃህን ንገረኝ፣ ማጠንጠኛው ኋላ ይመጣል። ለባቱና ለላንጋኖ ዳር፣ ለቆሮሶ፣ ቁጥር 2500 ወይም 3000 ያለው የማይዞር ጥቅል ያለው ዓይነት፣ ክሩ ከ0.25 እስከ 0.28 ሚሊ ሜትር። ማታ አምባዛ ካማረህ 4000፣ ክሩ 0.35 አካባቢ። ጋምቤላ ባሮ ላይ ነጭ ዓሣ ልትሞክር ከሆነ ያ የስዊድናዊው ዓይነት፣ ባለ ማርሽ ታምቡር፣ ከተጠለፈ ጠንካራ ክር ጋር። ባሌ ዲንሾ፣ ዌብ ወንዝ ላይ ትራውት የሚያጠምዱት ደግሞ በዝንብ አምሳያ ስለሆነ ማጠንጠኛው ክር ከማስቀመጥ ያለፈ ብዙ ሥራ የለውም፤ ገንዘብህን ለዘንጉና ለክሩ አውለው። ጣናም ብትሄድ ሌላ አገር የሌሉ፣ ሌሎች ዓሣዎችን የሚበሉ የባርበስ ወገኖች አሉ፤ እነሱ የሚንቀሳቀስ ነገር ስለሚያሳድዱ ቶሎ የሚያጠነጥን ይመረጣል። ክሩን ከጠርዙ ሁለት ሚሊ ሜትር ዝቅ እስኪል ድረስ ሙላው፤ ከጎደለ አይርቅልህም፣ ከሞላ እንደ ኔቭስካያ ጺም ታበቅላለህ። ከላንጋኖ ስትመለስ በንጹሕ ውሃ አለቅልቀው፤ የላንጋኖ ውሃ ጨዋማነት አለው፣ ብረት ይበላል።

ይህን ሁሉ ስነግረው ጋሼ ይህን የመሰለ ምርጫ አንድም ቀን እንዳልነበረው አሰብኩ። የሩሲያውን ሩሲያ ስለተማረ፣ የፈረንሳዩን መምህሩ ስለሄደ፣ የአሜሪካኑን አገሮች ስለተኳረፉ አገኘው። የደረሰውን ይዞ ልኩን ማወቅ ነበር ሥራው። ማጣት ደግ ነገር ነው ልል አይደለም፤ ጋሼ ቢመርጥ ደስታውን አይችለውም ነበር፣ የስዊድናዊውን ቀይ አቡ ሲያይ የነበረውን ዓይን እኔ አይቻለሁ። ግን ምርጫ ያለው ሰው ያልሆነለትን ዕቃ በሌላ ዕቃ ይለውጠዋል። ጋሼ በእጁ ማስተካከል ነበረበት።

ለእህቴ ልጅ የመጨረሻ ምክሬ ይህ ነበር፦ ውሃ ከማየቱ በፊት ፍታው፣ ውስጡን እየው፣ የፋብሪካው ግራሶ ቢበዛ ጥረግና ስስ አድርገህ ቀባው። ደነገጠ። «ከፈታሁት ጋራንቲው ይቃጠላል» አለኝ፣ ሳጥኑን ወደ ደረቱ እያስጠጋ። ልክ ነው፤ ወረቀቱ ላይ እንዲያ ይላል። የሚመልሰውም ሰው ያለው ከውቅያኖስ ማዶ ነው። ጋሼ እንዲህ ያለ ወረቀት አልነበረውም፤ እሱ ዋስትና የገባለት ሰፈሩ ነው። ሞላ ሲሰበር አባባ ነበሩ፣ ቆዳ ሲያልቅ ጫማ ሰፊው፣ ክር ሲተበተብ እናቴ። አንዳቸውም ዓሣ አጥምደው አያውቁም። ዕቃዎቹ ከሌኒንግራድና ከክሉዝ በሻንጣ ይምጡ እንጂ፣ ዕድሜያቸውን ያገኙት ከጎተራ እስከ ላንቻ ባለው መንገድ ዳር ነው። የእህቴ ልጅ ማጠንጠኛ ከሦስቱም ይሻላል፤ የቱንም ያህል ብፈልግ ከነሱ በልጦ ያልተሠራበት ነገር አላገኘሁበትም። ሲሰበር ግን ይጣላል፤ ለምን ይጣላል ብሎ ኪዮስኩ ውስጥ ሆኖ የሚጠይቀው ሰው ስለሌለ።